አስፓራገስ በጎንደር፦ ቡቃያው ለምን ቀጠነ? ከተቆረጠ በኋላስ እንዴት ይቆያል?

የአዘዞ ጓሮ (ጠያቂ)
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ። አዘዞ በሚገኘው ግቢዬ ጓሮ አስፓራገስ የተባለውን፣ ለጋ ቡቃያው የሚበላውን አትክልት መትከል ከጀመርሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሥራውን የጀመርሁት ውጭ አገር የምትኖር አክስቴ በላከችልኝ ዘር ሲሆን፣ በአካባቢዬ ይህን አትክልት የሚያለማ ሰው ስላላገኘሁ እስካሁን በግምት ስሄድ ቆይቻለሁ። የሠራሁትን ሁሉ ሳልደብቅ እጽፋለሁና ጥፋቴን እንድታሳዩኝ እለምናለሁ።

ዘሩን ለአንድ ቀንና ሌሊት በውሃ ዘፍዝፌ በመጋቢት 2014 ዓ.ም. በችግኝ ማፍያ ፕላስቲክ ዘራሁት። ከ60ው ፍሬ 41ዱ በቀለ። የመጀመሪያው ብቅ ያለው ሦስት ሳምንት ሊሞላ ሲል ስለነበር፣ ዘሩ ሞቷል ብዬ አፈሩን ልደፋው ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲይዝ ችግኞቹን በሁለት መደብ ከፍዬ ተከልኋቸው፤ 24ቱን ከማድ ቤቱ ጀርባ ቁልቁል ባለው፣ ቀይና ኮረት በበዛበት መሬት ላይ፣ 17ቱን ደግሞ ከአጥሩ ሥር የዝናብ ውሃ በሚያልፍበት ዋልካ ላይ።

በጥር 2015 ዓ.ም. ለጥምቀት ቤቴ በእንግዳ ሲሞላ፣ እርሳስ የሚያህሉ ቡቃያዎች ወጥተው አገኘሁና ቆርጬ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት አቁላልቼ አቀረብሁ። ሁሉም ስለወደደው ከዚያ በኋላ የበቀለውን እየተከታተልሁ እስከ ፋሲካ ድረስ ቆረጥሁ። መሬቱ እንዳይደርቅ ብዬም በጋውን ሙሉ በየሁለት ቀኑ ውሃ አጠጣሁ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው ቡቃያ ግን ከመቅጠኑ የተነሣ ስንደዶ መሰለ። ባለፈው ክረምት ደግሞ የዋልካው መደብ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቢጫ እየሆነ ከ17ቱ 11 ሞቱብኝ። ከሞቱት አንዱን ነቅዬ ባየው፣ ጣት የሚያህሉት ሥሮቹ ውስጣቸው ባዶ ሆኖ ልጣጫቸው ብቻ ቀርቷል፤ ስጨምቃቸው ቡናማ ውሃ ወጣቸው።

ሌላው ችግሬ ከተቆረጠ በኋላ ያለው ነው። ባለፈው ዓመት ያገኘሁትን ጥቂት ቡቃያ ከተማ ውስጥ ለአንድ ሆቴል ላቀርብ ተስማምቼ፣ ማታ ቆርጬ በፌስታል ቋጥሬ ማድ ቤት አሳደርሁትና በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ አደረስሁ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ አንዷን ከታች ይዞ ሲያጎብጣት እንደ ልጥ ተጣመመች እንጂ አልተሰበረችም፤ ጫፎቹም ተበታትነው ነበር። በትሕትና መለሰልኝ።

እንግዲህ መጠየቅ የምፈልገው፣ ቡቃያው የቀጠነው ስለምን ነው፣ ክረምቱ በብርድ ሳይሆን በዝናብ በሚታወቅበት በእኛ አገር ይህ ተክል የሚያርፈው መቼ ነው፣ የተቆረጠውስ እንዴት ቢያዝ ሳይበላሽ ይደርሳል የሚለውን ነው።

ጡረተኛ የግብርና መምህር
ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣ ያደረግሽውን ሁሉ ከነቀኑ በመጻፍሽ መልሱን አቅልለሽልናል። ለ31 ዓመት ግብርና ሳስተምር ኖሬ አሁን በጓሮዬ 30 ያህል የአስፓራገስ ግንደ ሥር (ሥሮቹና ቡቃያዎቹ የሚነሡበት የተክሉ እምብርት) አለኝ፤ እኔም በመጀመሪያው ዓመት ለመቁረጥ ቸኩዬ እንደ ነበር አልሸሽግሽም።

ቡቃያው የቀጠነበትን ምክንያት ለመረዳት ተክሉ ምግቡን የት እንደሚያስቀምጥ ማወቅ ይበቃል። ጎመን ዛሬ ያገኘውን ፀሐይ ለዛሬ ቅጠሉ ያውለዋል። የአስፓራገስ ቡቃያ ግን የሚሠራው ባለፈው ወቅት ቅጠሉ አዘጋጅቶ ወደ ሥሩ ባወረደው ስኳር ነው። ነቅለሽ ያየሻቸው ጣት የሚያህሉ ሥሮች ጎተራዎቹ ናቸው። ቡቃያ በቆረጥሽ ቁጥር ከጎተራው ትሰፍሪያለሽ፤ ሳይቆረጥ የቀረው ቡቃያ ከሰው ወገብ በላይ አድጎ እንደ ላባ የሳሳ ቅጠሉን ሲዘረጋ ደግሞ ጎተራው ተመልሶ ይሞላል። አንቺ ገና የሰባት ወር ችግኝ ያጠራቀመውን ከጥር እስከ ፋሲካ ስትሰፍሪ ከርመሻልና፣ በቀጣዩ ዓመት ስንደዶ የሚያህል መውጣቱ የሚጠበቅ ነው። ጌሾ በተከልሽበት ዓመት ቅጠሉን አትሸመጥጪም፤ አስፓራገስንም እንደዚያው እንደ ቋሚ ተክል እንጂ እንደ ሰላጣ አትዪው።

ደንቡ የታወቀ ነው። በተተከለበት ዓመት ምንም አይቆረጥም። በሁለተኛው ዓመት ለሁለት ሳምንት ያህል ይቆረጥና ይተዋል፤ ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ከ6 እስከ 8 ሳምንት መቁረጥ ይቻላል። ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ ግን ቡቃያውን እመኚ፤ ከሚወጡት አብዛኞቹ ከእርሳስ መቅጠን በጀመሩበት ቀን፣ ገና ሦስት ሳምንት ብቻ የቆረጥሽ ብትሆኚ እንኳ፣ ቢላዋሽን አስቀምጪ። እንዲህ ከተያዘ፣ በቀዝቃዛ አገሮች አንድ መደብ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል፤ ሞቃት በሆነ አገር ዕድሜው ያጥራል።

ስለ ዕረፍቱ ያነሣሽው ጥያቄ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። የውጭ አገር መመሪያዎች ተክሉ በክረምት ያርፋል ብለው ሲተረጎሙ፣ አንባቢያችን ሐምሌንና ነሐሴን ያስባል። እነርሱ የሚሉት ክረምት በረዶ ምድሩን የሚሸፍንበት፣ ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ነው። የእኛ ክረምት ግን ለአስፓራገስ ዋና የማደጊያ ጊዜው ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,133 ሜትር ላይ ብትሆንም፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት የሚሰማን ብርድ ይህን ተክል ለማስተኛት አይበቃም። ስለዚህ በእኛ አገር አስፓራገስን የሚያስተኛው ጥማት ነው። የእርሱ ክረምት የእኛ በጋ ነው። አንቺ በየሁለት ቀኑ ውሃ በማጠጣትሽ እንቅልፍ ነሣሽው፤ እንቅልፍ ያጣ ተክል ደግሞ ጥቂት ጥቂት ቡቃያ ዓመቱን ሙሉ ሲያወጣ ይኖርና ጎተራው ሳይሞላ ይቀራል።

ይህ በዓለም ላይ የታወቀ አሠራር ነው። ፔሩ ውርጭ በማያውቀው በረሃማ የባሕር ዳርቻዋ ላይ አስፓራገስን በመስኖ እያለማች ከዓለም ዋና ላኪዎች አንዷ ለመሆን የበቃችው፣ ውሃውን በመከልከል ተክሉን እያስተኛች፣ መልሳ በማጠጣት እየቀሰቀሰች ነው፤ በዚህ ዘዴ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሰበስቡ አሉ። ለእኛ አንዴ በደንብ ከተሰበሰበ ይበቃናል።

በጎንደር ሁለት መንገድ አለ፤ የሚለያዩትም በውሃ ፍላጎታቸው ነው። የመጀመሪያው ዝናቡ ካበቃ በኋላ ከጥቅምት ጀምሮ ማጠጣት አቁሞ፣ ቅጠሉ ቢጫ ከዚያም ገለባ እስኪሆን ድረስ መታገሥ ነው። ጥር መጨረሻ ላይ የደረቀውን ግንድ ከመሬት ጋር ትክክል በማጭድ አጭደሽ ከመደቡ ታወጪያለሽ፤ ከዚያ የበሰበሰ ፍግ ለብሶ ውሃ ሲጠጣ ቡቃያው በየካቲት ይነሣል። ይህ የሁዳዴ ጾም ጊዜ በመሆኑ በቤትም በገበያም ጾም የሚሆን አትክልት የሚፈለግበት ነው። መቁረጡን በመጋቢት መጨረሻ ካቆምሽ በሚያዝያና በግንቦት ቅጠሉ እየተዘረጋ ይቆይና የሰኔ ዝናብ ጠንክሮ ያገኘዋል። ጉድለቱ ከየካቲት እስከ ግንቦት ውሃ መፈለጉ ነው።

የቧንቧ ውሃ በወረፋ የሚደርሰው ሰው ሁለተኛውን መንገድ ሊመርጥ ይችላል። ይኸውም ተክሉን እስከ ግንቦት ድረስ አስተኝቶ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲቀሰቅሰው በሰኔ መቁረጥ ነው። ሆኖም ቡቃያው በጭቃ ይለወሳል፣ ለጋው ቅጠልም ዝናቡ ከሁሉ በበረታበት በሐምሌ ስለሚወጣ የፈንገስ በሽታ ያጠቃዋል። እኔ ሁለቱንም ሞክሬ በየካቲቱ ጸንቻለሁ፤ የልብስ ማጠቢያ ውሃ ግን አላጠጣም፤ ጉድጓድ ቆፍሬ የዝናብ ውሃ አጠራቅማለሁ።

አሁን ላንቺ የምመክርሽ ይህን ነው። ኅዳር ነውና ዛሬውኑ ማጠጣት አቁሚ። በየካቲት ቀስቅሺው፤ ነገር ግን በዚህ በ2017 ዓ.ም. አንዲት ቡቃያ እንኳ አትቁረጪ። በ2018 ዓ.ም. ቡቃያው ከእርሳስ ከወፈረ ሁለት ሳምንት ቁረጪ፤ ሙሉውን ምርት በ2019 ዓ.ም. ትሰበስቢያለሽ። እንደ አዲስ የተተከለ አድርገሽ ቁጠሪው ማለቴ ነው። ቀዩ አፈርሽ ኮምጣጣ እንዳይሆንም አስመርምሪ። አስፓራገስ የሚስማማው የአፈሩ ፒኤች (የኮምጣጣነቱ መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይበዛል) ከ6.5 እስከ 7.5 ሲሆን ነው፤ ከ6 በታች ከወረደ ይከሳል። ኖራ ወይም ጥቂት የማገዶ አመድ ያስተካክለዋል፤ አመዱ ግን ሳይመጠን ቢበዛ ይጎዳል።

የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ፣ ፒያሳ
ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ስለ አተካከሉ መምህሩ የተናገሩት ይበቃል፤ እኔ ከተቆረጠበት ደቂቃ በኋላ ስላለው ልናገር፤ በዚህ ሥራ 14 ዓመት ስቆይ ጥሩ አትክልት በአያያዝ ጉድለት ሲበላሽ ማየት ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው።

አስፓራገስ ከተቆረጠ በኋላም ማደጉን አያቆምም። ከአትክልት ሁሉ በፍጥነት ከሚተነፍሱት አንዱ ነው፤ ሲተነፍስ የራሱን ስኳር ይበላል፣ ሙቀትም ያወጣል። እርስዎ በፌስታል ቋጥረው ሲያሳድሩት ያንን ሙቀትና ላብ አብረው ቋጠሩበት። ጫፉ የተበታተነው ተክሉ ቅጠል ለመሆን ጉዞውን ስለቀጠለ ነው፤ የታችኛው ጫፍ ልጥ የሆነው ደግሞ ስኳሩ እያለቀ ጭረቱ እየጠነከረ ስለሄደ ነው። ያ ሰው አጉብጦ ያያት በከንቱ አይደለም። ትኩስ የሆነች ቡቃያ ስትጎብጥ ቀጭ ብላ ትሰበራለች፤ የተሰበረችበትም ቦታ ውሃ ያቀርራል። ሁለት ቡቃያዎችን እርስ በርስ ሲያፋትጓቸው ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ካሰሙ ትኩስ ናቸው፤ እኔ የምገዛው በዚህ ፈትኜ ነው።

ስለዚህ ማታ አይቁረጡ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ ሳይከር ይቁረጡ። ርዝመቱ አንድ ስንዝር ሆኖ ጫፉ እንደ ጦር ጫፍ ጥቅጥቅ ብሎ የተዘጋ ይሁን፤ ጫፉ ላላ ማለት ከጀመረ አልፎበታልና ለቅጠል ይተዉት። መጋቢት ላይ ሲሞቅ በአንድ ቀን ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ስለሚያድግ ጠዋት ያለፉት ቡቃያ ማታ ሊያመልጥዎት ይችላል፤ በዚያ ወቅት መደቡን በቀን ሁለት ጊዜ ማየት ያስፈልጋል። ቢላዋውን ከመሬት በታች አስገብቶ መቁረጥ የሚመክሩ አሉ፤ እኔ ግን ባይሆን እመርጣለሁ፣ ከታች ገና ያልወጡትን ይቆርጣልና። ከመሬት ጋር ትክክል ቆርጦ ወይም በእጅ ሰብሮ ማውጣቱ ይሻላል።

የተቆረጠውን ወዲያው ወደ ጥላ ወስደው በቀዝቃዛ ውሃ ያለቅልቁት። ከዚያ እንደ አበባ አቁመው ያስቀምጡት፤ ብርጭቆ ወይም ጆግ ውስጥ ሁለት ጣት የሚያህል ውሃ አድርገው የተቆረጠው ጫፍ ብቻ እንዲነካው አድርገው፣ ከላይ ሳይጠብቅ በላስቲክ ሸፍነው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያኑሩት። ማቆም የምለው ለውበት አይደለም፤ ተጋድሞ ከዋለ ጫፉ ወደ ሰማይ እየዞረ ይቆለመማል። በባለሙያ ማቀዝቀዣ ከ0 እስከ 2 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና በጣም እርጥብ በሆነ አየር ውስጥ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ በ0 ዲግሪ ላይ ከ10 ቀን በላይ ከቆየ ግን ብርዱ ራሱ ይጎዳዋል። በቤት ማቀዝቀዣ አንድ ሳምንት ያህል ይበቃዋል። ከሙዝ፣ ከአቮካዶና ከበሰለ ቲማቲም ጋር አያስቀምጡት፤ እነዚህ የሚያወጡት ኤቲሊን የተባለ ጋዝ አስፓራገሱን ያገርረዋል።

ማቀዝቀዣ ከሌለዎት ወይም መብራት ከጠፋ፣ አንዱን የሸክላ ማሰሮ በሌላው ሰፊ ማሰሮ ውስጥ አስገብተው በመካከላቸው ያለውን ክፍተት አሸዋ ሞልተው አሸዋውን ውሃ ያጠጡት፤ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ይክደኑትና ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ያኑሩት። ውሃው በሸክላው እየተነነ ሲወጣ ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። በየካቲትና በመጋቢት አየሩ ደረቅ ስለሆነ በጣም ይሠራል። ከአዘዞ ፒያሳ እስኪደርሱ ድረስም በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው በቅርጫት አቁመው ያምጡት። ውፍረቱ የተመሳሰለውን ለይተው፣ የታችኛውን ጫፍ አስተካክለው በግማሽ ኪሎ ግማሽ ኪሎ ካሰሩት ለወጥ ቤት ሰው ትልቅ ውለታ ነው፤ ቀጭኑና ወፍራሙ አብረው ሲቀቀሉ አንዱ ይቀልጣል፣ ሌላው ጥሬ ይቀራልና።

ከቆላ ድባ
ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኔ ያለሁት በደምቢያ ሜዳ ነው፤ ሜዳው ዋልካ ነው፤ ስለዚህ የሞቱብዎትን 11 ተክሎች ሳነብ የራሴ ሐዘን ታሰበኝ። ከአራት ዓመት በፊት መመሪያው እንደሚለው 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሬ ግንደ ሥሮቹን ከታች ዘርግቼ ተከልሁ። ሐምሌ ሲገባ ቦዩ ገንዳ ሆነ። ውሃ በተኛበት ሥር አየር ያጣል፤ ሥሩ ሲዳከም ፉሳሪየምን የመሰሉ የአፈር ፈንገሶች ገብተው ያበሰብሱታል። እርስዎ ያዩት ባዶ ልጣጭ የዚያ ምልክት ነው።

ጥልቅ ቦይ ውሃ ለሚያሰርግ አፈር ጥሩ ነው። ለዋልካ ግን ነገሩ ተገልብጦ መሠራት አለበት። እኔ አሁን የምተክለው ከዙሪያው መሬት ክንድ ያህል ከፍ ባለ መደብ ላይ ነው፤ ዋልካውን ከአሸዋና ከብዙ ብስባሽ ጋር ቀላቅዬ ደልድዬዋለሁ። በሁለቱም ጎን ማጠንፈፊያ ቦይ አለው፤ ቦዩም ውሃውን የሚያስተነፍስበት መውጫ አለው። መውጫ የሌለው ቦይ ውሃ ከማጠራቀም በቀር አይጠቅምም። ግንደ ሥሩን ጥልቅ አላደርገውም፤ እያደገ ሲሄድ በየዓመቱ አፈርና ብስባሽ ከላይ እጨምርበታለሁ። በተክሎቹ መካከል 40 ሴንቲ ሜትር፣ በረድፎቹ መካከል አንድ ሜትር ተኩል ያህል እተዋለሁ፤ ክረምት ላይ ነፋስ በመካከላቸው ካላለፈ ቅጠሉ ሳይደርቅ ስለሚውል በሽታ ይይዘዋል።

የሞቱበትን ቦታ ግን እባክዎ በአስፓራገስ መልሰው አይተኩት። ፈንገሱ በአፈሩ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይኖራል። የተረፉትን ስድስቱንም ነቅለው ወደ ደኅናው መደብ መውሰድ ያጓጓዎት ይሆናል፤ በሽታውን አብረው እንዳይወስዱ ባሉበት ይተዉአቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከመትከልዎ በፊት ሰርዶውን ከነሥሩ በእጅ ለቅመው ያውጡ። ስድስት ሳምንት የፈጀብኝ ሥራ ይህ ነበር፤ አልቆጨኝም። ሰርዶ ከግንደ ሥሩ ጋር ከተቆላለፈ በኋላ መኮትኮቻ ማስገባት ሥሩን መቁረጥ ስለሆነ ምንም ማድረግ አይቻልም። ካወጡት በኋላ የጤፍ ጭድ በወፍራሙ ጎዝጉዙበት፤ አረሙን ያፍናል፣ በበጋም ውሃ ይቆጥብልዎታል።

የዕፅዋት ተማሪ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

አስፓራገስ በአገራችን ዘመድ የሌለው እንግዳ እንዳልሆነ ለአንባቢዎች ማስታወስ እወዳለሁ። በአጥርና በቁጥቋጦ መካከል እየተጠማዘዘ የሚወጣው፣ እሾሃማው የሴት ቀስት፣ በአንዳንድ ቦታም ሰሪቲ የሚባለው፣ ከዚሁ ወገን የሆነ የዱር ዝርያ ነው። ነጫጭ ትናንሽ አበባዎች ያወጣል፤ ፍሬው ሲበስል ይቀላል። ሥሩን ለባህል መድኃኒት የሚጠቀሙበት አሉ። ዘመድ ነው ተብሎ ግን ቡቃያው እንደ አትክልት አይቆረጥም፤ ለምግብ የሚለማው ሌላ ዝርያ ነው።

በሚለማው አስፓራገስ ተባዕቱና እንስቱ በተለያየ ተክል ላይ ናቸው። በቅርቡ ክረምት ሲወጣ ቀይ ፍሬ ያንጠለጠሉት እንስቶቹ ናቸው፤ ፍሬ ለማፍራት ጉልበት ስለሚያወጡ ቡቃያቸው ወፈር ቢልም ቁጥሩ ያንሳል። ተባዕቱ ብዙ ያወጣል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ለዚህ ነው ጀርሲ ናይትን የመሰሉ ተባዕት ብቻ የሚሰጡ ዲቃላዎች የተዘጋጁት። ለሞቃት አገር የሚመረጠው ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተዳቀለው ዩሲ 157 ነው፤ በፔሩም በስፋት ተተክሏል። ቀዩ ፍሬ ለሰው ሆድ አይስማማምና ልጆች እንዳይቀምሱት ቢለቀም መልካም ነው፤ ካልተለቀመም መሬት ወድቆ በቅሎ መደቡን ያጨናንቀዋል።

የአዘዞ ጓሮ (ጠያቂ)
ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

እጅግ አመሰግናለሁ። መምህር፣ ማጠጣቱን በጻፉልኝ ዕለት አቁሜያለሁ፤ ለልቤ ቀላል ባይሆንም። ዛሬ ጠዋት ከማድ ቤቱ ጀርባ ካለው መደብ አንዱን ተክል አፈሩን በጣቴ እየገለጥሁ አየሁት። ከግንደ ሥሩ አናት ላይ እንደ ባቄላ ጉንቁል ነጣ ያሉ፣ ጫፋቸው ሐምራዊ የሆነ ሰባት ዓይኖች ተደርድረው አሉ፤ ሥሮቹም ሙሉና ጠንካራ ናቸው። መልሼ በቀስታ ሸፈንሁት። ከ24ቱ ቀይ ፍሬ ያላቸው 11 ናቸው፤ ፍሬውን ለቅሜ አቃጥያለሁ።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። በእስያ አገሮች ዓመቱን ሙሉ የሚቆረጥበት ዘዴ እንዳለ አንድ ዘመዴ ነግሮኛልና እውነት ከሆነ ለምን እኛ አናደርገውም? ደግሞስ በ2019 ዓ.ም. ብዙ ከተገኘ፣ ከፋሲካ በኋላ ለሚሆን ጊዜ በጠርሙስ ወይም በበረዶ ማቆየት ይቻላል?

ጡረተኛ የግብርና መምህር
ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሥሩ ሙሉ ከሆነ ደስ ብሎኛል፤ ዓይኖቹን ደግመሽ አትግለጪያቸው።

ዘዴው እውነት ነው፤ ታይዋንና ታይላንድ ይሠሩበታል። ከእያንዳንዱ ግንደ ሥር ከሦስት እስከ አምስት ግንድ ሳይቆረጥ እንዲያድግ ይተዋል፤ እነርሱ እንደ እናት ሆነው ምግብ ሲያዘጋጁ፣ በአጠገባቸው የሚወጣው አዲስ ቡቃያ ይቆረጣል። እናቶቹ ሲያረጁ በየጥቂት ወሩ በሌላ ይተካሉ። ዕረፍት የሚባል ነገር ስለሌለው ግን ዓመቱን ሙሉ ውሃና ማዳበሪያ ይፈልጋል፤ መደቡም ቶሎ ያረጃል። ወንዝ ዳር ላለ ሰው እመክረዋለሁ። ያንቺን የተዳከመ መደብ ግን በዚህ ከጀመርሽው ትጨርሽዋለሽ። 2019 ዓ.ም. ደርሶ ጎተራው ከሞላ በኋላ፣ ከፈለግሽ በአራት ወይም በአምስት ተክል ላይ ብቻ ሞክሪው።

የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ፣ ፒያሳ
ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

በበረዶ ማቆየት ይቻላል፤ ጥሬውን ግን አያስገቡት። መጀመሪያ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ቀጭኑን 2፣ መካከለኛውን 3፣ ወፍራሙን 4 ደቂቃ ያህል መንከር ያስፈልጋል። ይህ መጠን ለቆላ አገር የተሰጠ ነውና፣ ከ1,500 ሜትር በላይ ለምንኖር ለእኛ አንድ ደቂቃ ይጨመርበታል፤ ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያው በረዶ ባለበት ውሃ አቀዝቅዘው፣ በጨርቅ በደንብ አድርቀው፣ በትሪ ላይ ሳይነካካ ዘርግተው ያቀዝቅዙት፤ ሲጠነክር በላስቲክ ከረጢት አየሩን አስወጥተው ያሽጉት። ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ከስምንት ወር በላይ ይቆያል። ሲወጣ እንደ ትኩሱ ቀጭ አይልምና ለሾርባና ለወጥ እንጂ ለሰላጣ አይሆንም። መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ከቀለጠ በዚያው ዕለት አብስለው ይብሉት፤ መልሰው አያቀዝቅዙት።

በጠርሙስ ስለማሸጉ ግን አጥብቄ እለምንዎታለሁ። አስፓራገስ አሲዱ አነስተኛ የሆነ አትክልት ስለሆነ ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ በሽታ የሚያስከትል መርዝ የሚያመነጨው ባክቴሪያ በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ይመቸዋል፤ የባክቴሪያው ዘርም በሚፈላ ውሃ አይሞትም፣ በእኛ ከፍታ ደግሞ ይብሱን አይሞትም። በግፊት የሚሠራ የማሸጊያ ድስት ከሌለዎት በውሃና በጨው ብቻ አያሽጉት። በኮምጣጤ የተዘፈዘፈውን ትንሽ በትንሽ እየሠሩ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጠው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጨርሱት። ኮምጣጤው 5 በመቶ አሲድ ያለው መሆኑን ከጠርሙሱ ላይ አንብበው ይግዙ።